አስፋልቱ ካለቀ በኋላ
የአጥቢያን ተሽከርካሪ በጭቃና በወንዝ መሻገሪያ ስለ ማሽከርከር ለጀማሪዎች የቀረበ ምክር

ካቻምና በሐምሌ ወር አጋማሽ 600 የጽድና የወይራ ችግኝ በፒክአፕ መኪና ጭኜ ከአቃቂ ቃሊቲ በስተደቡብ ወደሚገኝ አንድ የገጠር ደብር እሄድ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በከተማው አስፋልት ላይ ማንንም ገጭቼ አላውቅም፤ ስለዚህም ማሽከርከር የቻልሁ መስሎኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከታየኝ በኋላ፣ 200 ሜትር ያህል ሲቀረኝ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነብኝ። ጭቃውን ለመሸሽ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሬ ከመንገዱ ዳር ባለው የስንዴ ማሳ ውስጥ ገባሁ። ሠላሳ ርምጃ ያህል እንደ ሄድሁ መኪናው ቆመ። ነዳጅ ጨመርሁ። ጎማው ባለበት ተሽከረከረ፤ መኪናው ግን ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ታች ወረደ። እልህ ይዞኝ ደግሜ ጨመርሁ። ሞተሩን ሳጠፋ የመኪናው ሆድ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር።

የማሳው ባለቤት መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፤ በሁለት ጥማድ በሬና በአካፋ ከሦስት ሰዓት ድካም በኋላ አወጡኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው የተረገጠውን ቡቃያ እያዩ፣ «ልጄ፣ ያንተም መኪና አራት እግር አለው፣ የእኔም በሬ አራት እግር አለው። በሬዬ ግን የማይረገጠውን ያውቃል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ በበጋው ወራት ከሠላሳ ዓመት በላይ በገጠር መንገድ ካሽከረከሩ አንድ አዛውንት ሹፌር ዘንድ ተማርሁ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከእርሳቸው የሰማሁትንና በእጄ የሞከርሁትን ለሰበካ ጉባኤያትና ለአባቶች ካህናት ማካፈል የፈለግሁት ክረምቱ ሳይገባ ነው። ብዙ አጥቢያዎች በምእመናን መዋጮ ወይም በበጎ አድራጊዎች ስጦታ ተሽከርካሪ እያገኙ ነው። ቁልፉ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ ላለው ወጣት ሁሉ ነው። የከተማ መንጃ ፈቃድና የገጠር መንገድ ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መኪናው ከመንገዱ ቀድሞ የገባበት አገር

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ለዐፄ ምኒልክ ይዞት ሲመጣ ለመኪና የተሠራ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ በአገራችን የመጀመሪያው የመኪና ጉዞ በዛሬው አነጋገር ከመንገድ ውጭ የተደረገ ጉዞ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬም ቢሆን ሩቅ አይደለንም። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙ ሳይርቁ፣ አስፋልቱን ለቅቀው ወደ እርሻው ሲገቡ፣ ሐምሌ ላይ ጎማ የሚውጥ መሬት ይገኛል። አብያተ ክርስቲያናቱ በጉብታ ላይና በደን መካከል የተተከሉት በእግርና በበቅሎ ለሚመጣ ሰው ነው። የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽናችንም በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ውኃ፣ ችግኝና እርዳታ የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ወዳለው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለእኛ የአገልግሎታችን አንድ ክፍል ነው።

መሬቱን ማወቅ

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ሞተር አላስነሡኝም። ከመኪናው አስወርደው አፈር በእጄ አስያዙኝ።

በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ሜዳዎች ያለው ጥቁር አፈር ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚለው ነው። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ እንዲህ ያለ መሬት እንዳለ የአፈር ባለሙያዎች ይገልጻሉ። በውስጡ ያለው የሸክላ ዓይነት ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የምናይበት ምክንያት ይህ ነው። በክረምት ደግሞ ያው መሬት ተጣባቂ ጭቃ ይሆናል። ጭቃው በጎማው ጥርስ መካከል ይሞላና ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ጎማው ጥርሱን ካጣ በኋላ መኪናው የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው መሬቱን የሚይዝበት ነገር የለውም።

ቀይ አፈር ጠባዩ ሌላ ነው። ሲዘንብ ላዩ ይንሸራተታል፤ ከሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ያልፈዋል። አሸዋ ደግሞ ሦስተኛ ጠባይ አለው፤ የጎማው ንፋስ ቀነስ ሲል ጎማው ተዘርግቶ ይንሳፈፍበታል። ጀማሪ አሽከርካሪ «ጭቃ ነው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «ምን ዓይነት ጭቃ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በዋልካ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ትዕግሥት ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ አንድ ቀን ሙሉ ከወጣ፣ ትናንት መኪና የያዘ መንገድ ዛሬ ብዙ ጊዜ ያሳልፋል።

ተሽከርካሪውን ማወቅ

ብዙ ሰው አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና፣ ማለትም ፎር ዊል፣ የትም የሚገባ ይመስለዋል። ጋሼ ይህን አሳብ ሲሰሙ ይስቃሉ። «ፎር ዊል ከሌለው መኪና ቀርበህ ትያዛለህ፤ ፎር ዊል ካለው ግን ርቀህ ትያዛለህ» ይላሉ። አራቱ ጎማዎች መጎተታቸው ለመሄድ እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከሌላው መኪና ፍሬን አይበልጥም።

አዲስ አሽከርካሪ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ነገር ማወቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ፎር ዊሉ እንዴት እንደሚገባ ነው። በአንዳንድ የቆዩ ላንድክሩዘሮች ላይ እጀታውን ከመሳብ በተጨማሪ በፊት ጎማዎች መሐል ያለውን መቆለፊያ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ፎር ዊል ያስገባ እየመሰለው በሁለት ጎማ ብቻ ይታገላል። ሁለተኛ፣ «ኤች» እና «ኤል» የሚሉት ፊደላት ምን እንደሆኑ ነው። «ኤል» ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን የሚያበዛው ከባድ ማርሽ ነው፤ ለዳገት፣ ለቁልቁለትና ለድንጋያማ መንገድ ያገለግላል። በብዙዎቹ መኪኖች መኪናውን አቁሞ ማስገባት ይገባል። ሦስተኛ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲደርሱ ፎር ዊሉን ማውጣት ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት አንድ አይደለም። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያካክሰዋል፤ አስፋልት ላይ ግን ጭነቱ ሁሉ በጥርሶቹ ላይ ያርፋል። እንዲህ እየተነዳ ካምቢዮው የሚሰበር መኪና ለአጥቢያው ትልቅ ወጪ ነው።

ከመኪናው ጋር ሊኖር የሚገባውም ብዙ አይደለም፦ በሚገባ የተነፋ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና ክሪኩ እንዳይሰጥም ከሥሩ የሚደረግ ወፍራም ጣውላ፣ አካፋና ዶማ፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ አራት ባዶ ማዳበሪያ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያና መንፊያ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የእጅ ባትሪ። ጭነቱ ዝቅ ብሎና ታስሮ ይጫን። ከባድ ዕቃ ጣሪያ ላይ ሲወጣ መኪናው በጎን ተዳፋት ላይ በቀላሉ ይገለበጣል። በጭነት ላይ ሰው ማሳፈርም፣ መዘምራንም ቢሆኑ፣ ሊፈቀድ አይገባም።

በመንገዱ ላይ

የጋሼ የመጀመሪያ ሕግ፣ በእግርህ ያላየኸውን በጎማህ አትግባበት የሚል ነው። አጠራጣሪ ስፍራ ሲደርሱ ቆሞ መውረድ፣ በእንጨት መሬቱን መውጋት፣ መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም ማየት ያስፈልጋል። ይህ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እኔ ያን ቀን ባለመውረዴ ሦስት ሰዓት ከፈልሁ።

ፎር ዊል የሚገባው ጭቃው ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከመግባት በፊት ነው። ከገቡ በኋላ በአንድ ማርሽና በእኩል ፍጥነት መሄድ ይገባል። መሐል ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ የሚቀይር ሰው መኪናውን እዚያው ያቆመዋል። መሪውን ሲይዙ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ እንዳይገባ፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ዞሮ ጣት ሊሰብር ይችላል። የደኅንነት ቀበቶ በዝግታ ጉዞም አይፈታም።

ትራክተርና የጭነት መኪና የቆፈሩት ጥልቅ የጎማ ፈር ሲያጋጥም መኪናው በሆዱ እንዳይቀመጥ አንዱን ጎማ በመሐለኛው ጉብታ፣ ሌላውን በዳር አድርጎ ማለፍ ይሻላል። ቦይ ሲሻገሩ ጎማዎቹ አንድ በአንድ እንዲገቡ ጥቂት አግድም መያዝ ይጠቅማል። ዳገትና ቁልቁለት ግን ቀጥ ብሎ እንጂ አግድም አይያዝም። ዳገት ላይ ሞተር ቢጠፋ መኪናውን እዚያው ማዞር መገልበጥን ይጋብዛል፤ ፍሬን ይዞ ሞተሩን ማስነሣት፣ የኋላ ማርሽ አስገብቶ በመጡበት መስመር ቀጥ ብሎ መውረድ ይገባል። በቁልቁለት ደግሞ በከባድ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ ነው እንጂ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ በፍሬን ብቻ መውረድ አደጋ አለው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔ በደለኛ የሆንሁበት ሕግ አለ። ጭቃን ለመሸሽ ወደ ማሳ አይገባም። አንድ መኪና ዳሩን ሲረግጥ ሁለተኛው የእርሱን ዱካ ይከተላል። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ይረግጣል፤ በአንድ ክረምት ውስጥ መንገዱ ይሰፋል፣ ማሳው ይጠባል። እርጥብ ዋልካ በጎማ ሲጠቀጠቅ ውኃ ይቋጥራል፤ ሲደርቅም ለማረስ ይከብዳል። የቤተ ክርስቲያን ስም የተጻፈበት መኪና የገበሬን ቡቃያ ረግጦ ወደ ቅጥሩ ሲገባ፣ ይዞት የመጣው ችግኝም ሆነ ስብከት ተቀባይ ያጣል።

መኪናው ሲያዝ

ጎማው ባለበት ሲሽከረከር ነዳጅ መስጫውን ወዲያው መልቀቅ ነው። እያንዳንዱ ዙር ጉድጓዱን ያጠልቃል። መጀመሪያ የሚሞከረው በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ መውጣት ነው፤ ያ መሬት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸክሟችኋልና። አልሆን ካለ በጎማው ፊትና ኋላ ያለውን ጭቃ በአካፋ ጠርጎ፣ በጎማው ጥርስ የሞላውንም አስለቅቆ፣ ድንጋይ፣ ጭራሮ ወይም ማዳበሪያ ማንጠፍ ይገባል። ጭነት ማውረድ ለሰነፍ ሰው ከባድ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን መኪናውን ያወጣው እርሱ ነው። የጎማ ንፋስ የቀነሰ ሰው አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊት መልሶ መንፋት አለበት፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ሊፈነዳ ይችላል።

በገመድ ሲጎተት የሚያስፈራው ገመዱ ሲበጠስ ነው። ገመዱ የሚታሰረው ለመጎተቻ በተሠራው ቀለበት ላይ እንጂ መከላከያው ላይ አይደለም። የተወጠረ ገመድ ወይም የተነቀለ ብረት ሰው ይገድላል። ስለዚህ ልጆችና ተመልካቾች ከገመዱ ርዝመት በእጅጉ የሚበልጥ ርቀት ላይ ይቁሙ፤ በገመዱ መሐል ከባድ ካፖርት ወይም ማዳበሪያ ይጣልበት፤ በተወጠረ ገመድ ላይ ማንም አይሻገር። በየገጠሩ መኪና ሲያዝ ሕዝቡ ለመርዳት ይሰበሰባል። ያን ደግ ሕዝብ ከአደጋ መጠበቅ የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው።

ወንዝ ሲሞላ

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች ተነሥተው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ። ስለዚህ ከላይ የዘነበ ዝናብ ታች ፀሐይ እያለ ይደርሳል። ደራሽ ውኃ የሚያታልለው በዚህ ነው።

አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ አነስተኛ መኪና ሊወስድ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ ፒክአፕን ጨምሮ አብዛኞቹን መኪኖች ይወስዳል። መኪናው ሲንሳፈፍ ክብደቱ ከጎማው ላይ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ፎር ዊልም ፍሬንም ዋጋ የላቸውም። ስለዚህ የደፈረሰና የሚጋልብ ውኃ ጥልቀቱ የማይታይ ስለሆነ አይሻገሩትም። የጠራ፣ የተረጋጋ፣ ሥሩ ድንጋይ የሆነና ከጎማው ግማሽ በታች የሆነ ውኃ ብቻ በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ሳይቆሙ ይታለፋል። ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን መሞከር ያስፈልጋል። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ቢጠፋ ደግሞ ደጋግሞ ማስነሣት አይገባም። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ወደ ሞተሩ ከገባ ቢየላ ያጣምማል።

ባለፈው ዓመት በደብረ ታቦር ዋዜማ ሁለት አባቶችን ይዤ ወደ አንድ ገጠር ደብር ስሄድ ወደ አቃቂ ከሚገቡት ጅረቶች በአንዱ ዳር ደረስን። ውኃው ደፍርሶ ይወርድ ነበር። አቆምሁ። ከአባቶች አንዱ፣ «ዲያቆን፣ ማኅሌቱ ያመልጠናል፤ ባለፈው ሳምንት እኮ ከዚህ የባሰውን ተሻግረናል» አሉኝ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ አልሻገርም» አልሁ። ለታላቅ አባት እንዲህ ብሎ መመለስ ለአንድ ዲያቆን ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያውቀዋል። በመኪናው ውስጥ ዝም ተባባልን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውኃው ከፍ አለ፤ ከነሥሩ የተነቀለ ባሕር ዛፍ እኛ ልንሻገርበት በነበረው ስፍራ አለፈ። እኒያው አባት ጥቂት ቆይተው፣ «ማኅሌቱ በየዓመቱ አለ፤ መልሰን ልጄ» አሉኝ።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ የአሽከርካሪው ሥራ ነው። አሽከርካሪው ግን የሚሠራው በሚላክበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ ተሽከርካሪ ያለው ሰበካ ጉባኤ አምስት ነገሮችን በቃለ ጉባኤ ቢያጸድቅ መልካም ነው እላለሁ።

1. ለተሽከርካሪው የሚመጥን መንጃ ፈቃድ ያለውና በበጋ፣ በባዶ መኪና፣ ልምድ ባለው ሹፌር አጠገብ የተለማመደ ሰው ብቻ በክረምት ይላክ። ልምምዱ በማንም ማሳ ላይ ሳይሆን በፈቃድ በተገኘ ባዶ መሬት ይሁን።

2. ከጉዞ በፊት በሚሄዱበት ደብር ላሉ አገልጋዮች ተደውሎ የመንገዱና የወንዙ ሁኔታ ይጠየቅ፤ የሚመለሱበትም ሰዓት ለአንድ ሰው ይነገር። በክረምት ብቻውን የሚሄድ አሽከርካሪ አይኑር።

3. ለጎሚስታ፣ ለዘይትና ለፍሬን የሚያስፈልገው ገንዘብ በዓመቱ በጀት ይያዝ። ግንብ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንደሚያሰላ ሁሉ፣ መኪና የሚቀበል አጥቢያም የጎማውን ዋጋ ማሰብ አለበት።

4. በገበሬ ማሳ ወይም አጥር ላይ ጉዳት ከደረሰ በዚያው ሳምንት ይታይ፤ ተገቢው ካሣ ይከፈል።

5. አሽከርካሪው «አልሻገርም» ወይም «ዛሬ አልሄድም» ካለ፣ የበዓል ዋዜማም ቢሆን፣ ማንም እንዳያስገድደው፤ በዚህም እንዳይወቀስ።

ከአምስቱ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ጉባኤ ቢኖር አምስተኛውን ይምረጥ። አሽከርካሪው በተሳፋሪዎቹ ግፊት ከገባ የተማረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ተሳፋሪው ደግሞ የደብሩ አለቃ ወይም የጉባኤው ሊቀ መንበር ከሆነ፣ አሽከርካሪውን የሚያድነው አስቀድሞ የጸደቀ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው።

ወደ ስንዴው ማሳ ልመለስ። ከሳምንት በኋላ ለተረገጠው ቡቃያ የሚሆን ካሣ ይዤ፣ መኪናዬን አስፋልቱ ዳር አቁሜ፣ በእግሬ ወደ እኒያ አባት ሄድሁ። ገንዘቡን ተቀብለው ቆጠሩ፤ ግማሹን መለሱልኝ። «ይህን ለችግኙ አጥር አድርጉበት» አሉኝ። ከዚያም እስከ ማሳው ዳር ሸኝተውኝ፣ በመንገዱና በቡቃያው መካከል አዲስ የተደረደረ ድንጋይ አሳዩኝ። «ይኸው ምልክት አድርጌልሃለሁ፤ ከዚህ ወዲህ መንገዱን ይዘህ ና።»

መጪው ክረምት የሰላም እንዲሆንልን፣ ወጥተን በደኅና እንድንመለስ እግዚአብሔር ይርዳን።